ያበራሁት ቀለህ

ጠቅላላ ወጪውን ልንገራችሁና እንጀምር። አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሁለት ቫን፣ የቀኝ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ የነበረ ስሜት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኪሴ የወጣ ዐርባ አንድ ሺህ ዶላር፣ እና አንድ ሽማግሌ ለሰባት ወር ያኮረፉኝ ኩርፊያ። ይህን ሁሉ የበላው ተተኩሶ መሬት የወደቀ የጥይት ቀለህ ነው። የአገሬ ሰው እዚህ ሬስቶራንት ከፍቶ ይከስራል፣ ቤት ገዝቶ ይከስራል። እኔ የከሰርኩትም ያተረፍኩትም ሰው ረግጦት በሚያልፈው ነገር ነው።

ባለፈው ወር አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ የነበረኝን መጋዘን ቁልፍ አስረከብኩ። ሐኪሙ ወገቤን በፎቶ አይቶ «ባልዲ ማንሳት ይብቃህ» አለኝ። ባለቤቴ ሰናይት ይህን ስነግራት «እኔ ስድስት ዓመት በነጻ የነገርኩህን ነው እሱ ያስከፈለህ» አለች። ልክ ናት። እንግዲህ እጄ ሥራ ሲፈታ ያየሁትን ልጻፍ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ላስረዳ። ጥይት አራት ነገር ነው። ከፊት የሚሄደው አረር፣ ውስጡ ባሩድ፣ ከታች እሳቱን የሚጭረው ፕራይመር የሚባል ትንሽ ክዳን፣ ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው የነሐስ ቀፎ ደግሞ ቀለህ። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቃሉ፣ ቀለሁ ይቀራል። ወታደር ጥሎት ይሄዳል። በሩቅ ወረቀት ላይ አነጣጥሮ የሚወዳደር ሰው ግን ያነሳዋል፣ ያጥበዋል፣ ቅርጹን ያስተካክለዋል፣ እንደገና በእጁ ሞልቶ ይተኩሰዋል። ደህና ቀለህ አሥር ጊዜም ከዚያም በላይ ይመለሳል። መጥፎው በሦስተኛው ያዋርዳል። የእኔ እንጀራ ያን ደህና ከመጥፎው መለየት ነበር።

የተማርኩት ምናለሽ ተራ ነው። መዳብና ነሐስን ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ እለያለሁ። አትላንታ ስመጣ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖርኩና አሮጌ ቫን ገዝቼ ወደማውቀው ተመለስኩ። ከግንባታ ሽቦ፣ ከጋራዥ ራዲያተር እለቅምና ስክራፕ ያርድ አስረክባለሁ። ከሮዝዌል ወጣ ብሎ ያለ አንድ የተኩስ ክለብ ወለሉ ላይ የሚጠረገውን ቀለህ በባልዲ እንደሚሸጥ የሰማሁት ያኔ ነው። ነሐስ ነሐስ ነው ብዬ ገዛሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ የቫኑን ኋላ ከፍቼ ቆሜያለሁ። ጋሽ ወርቅነህ ባልዲውን አይተው ቀረቡ። በሩቁ አውቃቸዋለሁ፤ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። አገር ቤት በወታደርነት ዘመናቸው መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ማሽን ሾፕ ውስጥ ሃያ ዓመት ብረት ሲያርሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

«ይህን ምን ታደርገዋለህ?»

«በፓውንድ እሸጠዋለሁ ጋሼ።»

«በፓውንድ» አሉ። የሰው ልጅ በፓውንድ እሸጣለሁ ያልኩ ነው የመሰለው ፊታቸው።

ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝ። ከዚያ ነጭ ሸሚዛቸውን ሳይሰስቱ ባልዲው ላይ አጎንብሰው አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ታችኛውን ፊት ያያሉ፣ አፉን በጥፍራቸው ይዳስሳሉ፣ ይጥላሉ። ዐርባ ደቂቃ ኮት ይዤ ቆምኩ፤ ያለፈ ያገደመው ምን ጠፍቶባችሁ ነው ይላል። ዐርባ ፍሬ ለይተው ኪሳቸው ከተቱና የባልዲውን ዋጋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሙሉውን ቆጥረው ሰጡኝ።

«የቀረውን ይውሰዱት እንጂ።»

«የቀረው ነሐስ ነው፤ ሽጠው። ይሄ ነው ቀለህ።»

ነጋዴ ነኝ። ሰው ከባልዲዬ ዐርባ ፍሬ ወስዶ የባልዲውን ዋጋ ያለ ክርክር ከከፈለኝ፣ ያየውን እኔ አላየሁም ማለት ነው። በማግስቱ ፓይን ሌክ ቤታቸው በር ላይ ተገኘሁ። «ባልዲ ይዘህ ነው ዕውቀት ፈልገህ?» አሉኝ። ሁለቱንም አልኳቸው።

ቤዝመንታቸውን እስካሁን በምን እንደምመስለው አላውቅም። ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ ማይክሮሜትር፣ ግድግዳው ላይ የሃምሳ ሃምሳ ሣጥን። በየሣጥኑ ላይ ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የተጻፈበት ካርድ አለ። ሰውየው ጠረጴዛው ጋ ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ሰዓታቸውን ፎቅ ላይ ትተው ነው የሚወርዱት። ባሩድ ሲመዝኑ ከተናገርክ አይቆጡህም። ሚዛኑ ላይ ያለውን ወደ ዕቃው መልሰው ከዜሮ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ አስጀመርኳቸው፤ በአምስተኛው ገባኝ።

አመራረጣቸው እንዲህ ነበር። ታች ላይ የፋብሪካው ማኅተም አለ፤ አንድ ዓይነት ካልሆነ አንድ ሣጥን አይገባም። «ከአንድ ማቅለጫ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ባዕድ አታግባባቸው» ይሉ ነበር። ቀጥሎ እሳቱ ከፕራይመሩ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ትታያለች፤ አንዳንዱ ፋብሪካ በመሰርሰሪያ አጥርቶ ይበሳታል፣ አንዳንዱ በምት ይበሳና ውስጧ ቁርጥራጭ ጠርዝ ይቀራል። ከዚያ የአንገቱ ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ይለካል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከወፈረ አረሩ ተጣሞ ይወጣል። እኔ ባዶውን ቀለህ መመዘን ብቻ ይበቃል ባይ ነበርኩ፤ ሚዛን የነጋዴ ሃይማኖት ነው። እሳቸው ግን በውኃ እስከ አፉ ሞልተው ይመዝኑታል። «ክብደቱ ታች ጠርዙ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ለማንም አይጠቅምም። እኔ የምፈልገው ባሩዱ የሚያድርበትን ቤት ስፋት ነው።»

መጨረሻ ላይ ሽቦዋ ትመጣለች። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግተው ጫፏን አጥፈውና ስለው እንደ ጥፍር አድርገዋታል። ያን ወደ ቀለሁ ሆድ ያስገቡና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰሱ ይጎትታሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«ቦይ።»

አስረዱኝ። ጥይት ሲፈነዳ ቀለሁ ይነፋና ጠመንጃው ውስጥ ካለው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያግደው ያ መጣበቅ ነው። ዓይን እስኪጨፈን ያህል እንኳ አይቆይም፤ ወዲያው ጭብጥ ብሎ ይላቀቃል። «መዳብ ለብቻው ልፍስፍስ ነው፣ እንደተነፋ ይቀራል። ብረት ግትር ነው። ነሐስ ግን ተነፍቶ ይመለሳል» አሉ። በተመለሰ ቁጥር ግን ትንሽ ይለጠጣል፤ ከታቹ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ከውስጥ እየሳሳ ቦይ ይሠራል። ከውጭ አንዳንዴ ፈዘዝ ያለች የምታበራ ቀለበት ትታያለች፣ አንዳንዴም ምንም አይታይም። ያ ቦይ ያለበት ቀለህ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል።

ነሐስ በሕይወቴ ሙሉ የነካሁት ነገር ነው። ሸጬዋለሁ፣ አቅልጬዋለሁ፣ ተኝቼበታለሁ። እንደሚተነፍስ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቤቴ እስክደርስ አንዱን ይዤ እያገላበጥኩ ነዳሁ።

ቦይ የተገኘበትን ቀለህ ጋሽ ወርቅነህ አፉን በፒንሳ ይጨፈልቁትና ጣሳ ውስጥ ይጥሉታል። ማንም አንስቶ ደህና ነው እንዳይል ነው።  ከውጭ ሲታይ አንዳች የማይጎድለው ዕቃ አፉን ሲታጠፍ ማየት ለምናለሽ ተራ ልጅ ከባድ ነው።

ሥራውን ስጀምር ያደረስኩት የመጀመሪያ ጥፋት ሳቅ ነበር። ከሰሜን አውሮፓ የሚመጣ ውድ ቀለህ አምስት መቶ አዲስ ፍሬ አገኘሁ። ሁሉም አንገቱ ላይ እሳት የነካው ሰማያዊ ቡናማ ጠባሳ አለው። የተበላሸ ዕቃ በርካሽ ገዛሁ ብዬ ተደሰትኩና በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የተሞላ የሚንቀጠቀጥ ገንዳ ውስጥ ጨምሬ እንደ ወርቅ አበራሁት። ገዢው ሣጥኑን ከፍቶ አየና ዘጋው። «ጠባሳው የታለ?» አለኝ። ለካ ጠባሳው ፋብሪካው አንገቱን በእሳት ማለስለሱን የሚያሳይ ምስክር ነው፤ ሰዎቹ ያንን አይተው ነው የሚከፍሉት። ለጋሽ ወርቅነህ ስነግራቸው ከሳቃቸው የተነሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደምሴ፣ የሰውየውን ዲፕሎማ አጥበህ ነጭ ወረቀት ሸጥክለት» አሉኝ። ሳቅን፤ አለፈ። ትምህርቱም አብሮ ማለፉን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሺህ ያርድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ነድተን አንድ ትልቅ የሣር ሜዳ ደረስን። ዒላማው የት ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ አሳዩኝ፤ አላየሁትም። ዘጠኝ መቶ ሜትር ገደማ ነው። ሰው እዚያ ቢቆም ክብሪት ነው የሚመስለው። ጋሽ ወርቅነህ ምንጣፍ ዘርግተው ተኙ፤ እኔን ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ፊት አስቀመጡኝ። ከመጀመራቸው በፊት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝና «ስልህ ክፈታት» አሉ።

ተኮሱ። በመነጽሩ ውስጥ አየሩ ራሱ ሲሰነጠቅ አየሁ። የጠራ ውኃ ላይ ጣት እንደሚያልፍ ያለ መስመር ከፍ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ጎበጠና ወደ ወረቀቱ ወረደ። አረሩ አየር ላይ እያለ አንድ ትንፋሽ ስቤ ጨረስኩ። ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ወረቀቱን አውርደው፣ የተመታበትን ምልክት አድርገው ሲያወጡት መሐሉ ላይ ነጭ ምልክት አለ። ሁለተኛው ከጎኑ። ሦስተኛው ከጎኑ። አሥራ ሁለቱ በአንድ የራት ሣህን ውስጥ ገቡ። አሥራ ሦስተኛው ከሣህኑ በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አለ።

«ክፈታት» አሉኝ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ።

ወረቀቷ ላይ «አሥራ ሦስተኛዋ ዝቅ ትላለች» ይላል።

 ጠንቋይ አይወዱም፣ ስለዚህ ያን ቃል አልተናገርኩም። ሲነሱ ሽርፍራፊ ሣር ከጉልበታቸው እያራገፉ ነገሩኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ቤታቸው አረሩን ሲያስገቡ የመጫኛው መሣሪያ እጀታ በዚያች ቀለህ ላይ ቀለል አላቸው። አንገቷ ላልታለች፤ አረሩን አጥብቃ አልያዘችም። «ልጥላት ነበር፤ ለአንተ ብዬ አመጣኋት።»

ያቺ ቅለት ስንት ናት ቢባል በቁጥር የለችም። እጅ ላይ ያለች የትንፋሽ ያህል ልዩነት፣ ሜዳው ማዶ ስትደርስ አንድ ክንድ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለህ ስነካ ተጠንቅቄ ነው። ተጠነቀቅሁ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል።

ንግዱ ሰመረ። ከሦስት ክለቦች ወለል ገዛሁ፣ ዱሉዝ መጋዘን ተከራየሁ፣ ሰናይት ከነርሲንግ ሆም ፈረቃዋ መልስ ሣጥን ላይ ካርድ ትለጥፋለች። ጋሽ ወርቅነህም የራሳቸውን ወዳቂ በየጊዜው ይሰጡኛል። እነሱን እንዳይጨፈልቁ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ የተጨፈለቀውም ያልተጨፈለቀውም ስክራፕ ያርድ ላይ ዋጋው አንድ ነው። እጅዎን ለምን ያደክማሉ?» አልኳቸው።  ከዚያ ዘጠና ስድስት ፍሬ በጣሳ ቆጥረው ሰጡኝ። «ለማቅለጫ ብቻ» አሉ። ቁጥሩንም በወረቀት ጽፈው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ።

ጣሳው መደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ተቀመጠ። በፀደይ የውድድሩ ወቅት ሲከፈት ኦርደር ጎረፈ፤ ከአራት ሺህ የሚበልጥ ቀለህ ለሠላሳ አንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ፣ መቶ ያህል ጎደለኝ። ጣሳውን አወረድኩ። አንድ በአንድ አየኋቸው። አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ታቻቸው ንጹሕ። አንዳንዱ ላይ ያቺ ፈዛዛ ቀለበት ነበረች። ሽቦዋ መሳቢያው ውስጥ ነበረች፤ አላወጣኋትም። ሰውየው ያበዛሉ፣ ለእሳቸው ያልሆነ ለሌላው ይሆናል አልኩ። ይህን ያልኩበትን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የተበሳ ድስት በይዶ፣ አሽቶ፣ አብርቶ የሚሸጥ ሰው ድምፅ ነው። ከሌሎቹ ጋር ገንዳው ውስጥ ጨመርኳቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሁሉም እኩል ያበራል፤ ቀለበት የሚባል የለም። በየሣጥኑ ተበተኑ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ዴል ቴክስት አደረገልኝ። ዴል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሮዝዌል የሚኖር ሰው ነው፤ ተኩሱን ከጀመረ ዓመት አልሞላውም፤ የእኔን ቀለህ እንጂ የሌላ አይገዛም። «ጠመንጃዬንና ዕቃዬን ሁሉ ልሸጥ ነው፤ ትገዛኛለህ?» ይላል። ቫኑን ይዤ ሄድኩ።

በር ሲከፍት ቀኝ ዓይኑ በፋሻ ታስሯል። ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ሰጠኝና መከላከያ መነጽሩን አሳየኝ፤ መስታወቱ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። በጎኑ የገባው ነው ዓይኑን ያገኘው።

«ባሩዱን አብዝቼበት መሆን አለበት» አለኝ። «ሁለት ጊዜ መዘንኩ ብዬ ነበር። ለካ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም።»

«ዓይንህስ?»

«ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቀው ይላል። ሚስቴ በቃህ አለችኝ። ልክ ናት።» ከዚያ የተበጠሰውን ቀለህ አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው፤ ታቹ ለብቻ፣ ቀሪው ለብቻ። «ይቅርታ ዴም። ጥሩ ቀለህህን አበላሸሁብህ።»

 «ላስብበት» አልኩትና ሁለቱን ቁራጭ ይዤ ወጣሁ። ስለ ጣሳው አንድም ቃል አልነገርኩትም። ስለ ራሴ ከማውቀው ሁሉ ያቺን ሰዓት ነው የማልወደው።

ፓይን ሌክ ነዳሁ። ባሩዱ ነው እንዲሉኝ ነው የሄድኩት። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አድርገው የታችኛውን ቁራጭ ጠርዝ መብራት ሥር አዞሩት። አንዲት የሞረድ ጭረት ነበረች፤ እኔ ቆሻሻ ነው ያልኳት። ለካ እሳቸው የእያንዳንዱ ቀለሃቸው ግድግዳ የሚወፍርበትን ጎን ለክተው ጠርዙ ላይ በሞረድ ይጭራሉ፤ ጠመንጃው ውስጥ ሲያስገቡ ጭረቷ ሁልጊዜ ወደ ላይ እንድትሆን። ይህን የሚያደርግ ሌላ ደንበኛ የለኝም።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለማቅለጫ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«ሰውየው ያውቃል?»

«የራሱ ጥፋት ነው የመሰለው። ጠመንጃውን ሊሸጥ ነው።»

ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን ታጠቡ፤ እስከ ክርናቸው፣ ቀስ ብለው። አድርቀው ሲመለሱ «እንግዲህ ሂድ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳልፍ ሰላምታዬን በራሳቸው ንቅናቄ ተቀብለው ያልፋሉ፤ ቃል የለም።

በማግስቱ ጧት ሮዝዌል ነበርኩ። ቆሜ ነው የነገርኩት። ጣሳውን፣ ገንዳውን፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረችውን ሽቦ። ዴል በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ አያቋርጠኝም።  ፖሊስ ይጠራል ብዬ አሰብኩ፤ መብቱ ነው።

«እኔ አይደለሁማ» አለ።

«አንተ አይደለህም።»

«ሚዛኔ ልክ ነበር።»

«ሚዛንህ ልክ ነበር።»

ተነስቶ ሣጥኖቹን አወረደ። አብረን ጠርዝ ጠርዙን አየን። ጭረት ያለባቸው አሥራ አንድ አገኘን፤ ስድስቱ ተሞልተው የተዘጋጁ ነበሩ።

«ስንት ነበሩ አልከኝ?»

«ዘጠና ስድስት።»

ጣቱን እያጠፈ አሰበ። «ታዲያ ሰማንያ አራት ሰው ቤት አለ» አለ። «እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ?»

ስለ ዓይኑ አንድ ነገር ሳይል ነው ይህን ያለኝ። ብዙ ሀብታም፣ ብዙ ቄስ፣ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

ሰናይት ሠላሳውን ሰው ስልክ ደወለች፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ድምጿም አይንቀጠቀጥም። «ባሌ የተበላሸ ዕቃ ሸጦላችኋል፤ አትተኩሱ፤ መጥቶ ይወስዳል፣ ይከፍላችኋል» ነው የምትለው። አሳጥሪው ብላት «የቱን ቃል ላውጣ?» አለችኝ። የተሞላውን በተሞላው ዋጋ፣ ባዶውን በገዙበት መለስኩ። አላባማም ቴኔሲም ነዳሁ። አንዱ በር ላይ ሰደበኝ፤ አንዱ ምሳ አበላኝ። ግማሹ ደንበኛ በዚያው ቀረ፤ ወሬው በየክለቡ ዞሯል፤ ዞሮም ልክ ነው።

የዴል ፋሻ ተፈታ። ያያል። በጠርዙ በኩል ትንሽ ጭጋግ ቀረችበት፤ ጠመንጃውን አልሸጠም፤ በግራ ዓይኑ ማነጣጠር ተማረ።

የተመለሰው ቀለህ አራት ሺህ ያህል ነበር። ጭረት ማየት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ራሴን ስለማላምን ሁሉንም በሽቦ አሳለፍኩ፤ ጭረት ያለውንም የሌለውንም። ቀኑን ሙሉ ሽቦ፣ ነገም ሽቦ። የአውራ ጣቴ ጫፍ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ከዚያ ጠነከረ፣ ከዚያ ደነዘዘ። አንድ ብርዳማ ቅዳሜ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ሰላም አላሉኝም።

«ውኃ የት ነው?»

አሳየኋቸው። ታጠቡ፣ ከፊቴ ተቀመጡ፣ ሽቦዋን ከእጄ ወስደው ጫፏን በጣታቸው ሞከሩ።

«ዶሮ እንኳ በዚህ አትጭርም። ድንጋይ አምጣ።»

ሳሏት። ደህና ነው ብዬ ያሳለፍኩትን ክምር ወደ ራሳቸው ስበው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው፤ እጃቸው ጽዋ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ቀለህ ሲይዝ ይረጋል። ሰዓት ሳይሞላ አንዱን ዘረጉልኝ።

«ንካው።»

«ምንም የለውም ጋሼ።»

«ጣትህ ሞቷል። በግራው ንካው። ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ። ጎተትኩ። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ሽቦዋ አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የነካች ያህል ቆም ብላ አለፈች። ያ ነው። ከውጭ ያ ቀለህ መስታወት ነበር፤ ፊቴን አይበታለሁ። ውስጡ ሰው ዓይን የሚያጠፋ ቦይ አለ፤ ያ ቦይ ደግሞ ከፀጉር አይወፍርም። ፈጣሪ ይህን የሚያውቅ ጣት ለሰው መስጠቱ አሁንም ይደንቀኛል።

ፒንሳውን ከኪሳቸው አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። አፉን ጨፈለቅሁት። ጭረት ያለባቸውንም ሁሉ እሳቸው እየቆጠሩ እኔ ጨፈለቅሁ። አራት ቅዳሜ ፈጀ።

ከሠላሳ አንዱ ሌላ ሰናይት ልትደውልለት ያልቻለች አንድ ገዢ ነበር። ዱሉዝ አጠገብ በነበረ የጠመንጃ ባዛር ላይ ሃምሳ ፍሬ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የሄደ ሰው ነው። ረጅም ነበር፣ አረንጓዴ ኮፍያ ነበረው፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም። በየባዛሩ ዞርኩ፣ በየክለቡ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አልመጣም። ጋሽ ወርቅነህ ግን ዛሬም እሑድ እሑድ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት «ተገኘ?» ይሉኛል።

ዘጠና ስድስት ነበሩ። አንዱ ዴል እጅ ላይ ተበጠሰ። ዘጠና ሦስቱ ተገኝተው ተጨፈለቁ። ሁለቱ አልተገኙም።